በስልክ የደረስኩት ለቅሶ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ፈቲሀ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽልኝ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይቆጠቁጠኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ ችለሽው ነው? እንቅልፍሽስ? ማዳምሽ እንዴት ናት? ከሐጅ ወዲህ ጠባይዋ ለስለስ ብሎ ነበር፤ እንደዚያው ቆየ ወይስ ተመልሶ ጠነከረ? አንገትሽን አቅፋ ካልሆነ አልተኛም የምትለው ሕፃንስ አደገች? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን የሚለውን ግን ቶሎ አልጽፈውም፤ መጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽና ከዚያ አንቺው ፍረጂው።

ወረቀት በእጅሽ ሲገባ ልብሽ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። ማንም አልሞተብንም። ስልኬም አልተሰረቀም፣ ካንቺም አልተጣላሁም። ኢሞ ላይ ብትደውዪ ብትደውዪ የሚያነሳ ስታጪ፣ ልጄን ዑመይርን ‹እናትህ ምን ሆነች› እያልሽ ወልቂጤ ድረስ ያስጨነቅሽውን ሁሉ ነግሮኛል። ደህና ናት በላት ብዬው ነበር። ምክንያቱን ግን በልጅ አፍ ልልክብሽ አልፈለግሁም። ለዑምራ ወደ እናንተ የሚመጡት ሐጂ አብዱልሃፊዝ ናቸው ይህን ደብዳቤ የሚሰጡሽ፤ ከአንድ ፌስታል በርበሬ ጋር። በርበሬው የዘንድሮ ነው። ግማሹን ዝናብ መትቶብኝ የተረፈውን መርጬ ነው ያስፈጨሁልሽ። እንዴት እንደመታውም እነግርሻለሁ።

ዑመይር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤቱ ምን ያህል ጭር እንዳለ ታውቂያለሽ። ሙስተፋም እንደ አባቶቻችን ኑሮው መርካቶ ነው፤ የሚመጣው ለአረፋ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ባልም ልጅም ያለኝ ሴት፣ ምግብ በልቼ አንድ ሳህን ብቻ ማጠብ ጀመርኩ። አንድ ሳህን ማጠብ ሆድ እንዴት እንደሚያስብስ ያላጠበው አያውቀውም።

ከዚያ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ የላክሽልኝን ስልክ አልወቅስም። ጠዋት ቁርሳቸውን ስትሠሪ ኢሞ ትከፍቺና ስኳር ጣሳው ላይ ታስደግፊኛለሽ። እኔ በርበሬዬን እየቀነጠስኩ፣ አንቺ ሽንኩርትሽን እየከተፍሽ እናወራለን። ወሬ ሲያልቅብንም አንዘጋውም። አንቺ ወለል ስትወለውዪ እኔ የጓዳውን ጣሪያ እያየሁ እቀመጣለሁ፤ የማዳምሽን ጣሪያ ከራሴ ጣሪያ ይልቅ አውቀዋለሁ። ጥሩ ጊዜ ነበር። አሁንም ክፉ ነበር አልልም።

ክፉው የመጣው አንቺ ስትዘጊ ነው። ማዳሟ ስትጠራሽ ‹በቃ ቻው› ብለሽ ትጠፊያለሽ፤ ዝምታው ቀድሞ ከነበረው ብሶ ይመለሳል። ያኔ ጣቴ ወደ ሌላው መሄድ ጀመረ። ዱባይ መጋረጃ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ይገባል። መጋረጃ ልገዛ አይደለም፤ ለኔ መስኮት አንድ ቁራጭ ጨርቅ በቅቶታል። ግን ስገባ ‹አሚኔ እንኳን ደህና መጣሽ› ብሎ ስሜን ይጠራል። የገዛ ባሌ ስሜን ሳይጠራ ስንት ወር ያልፋል፤ ‹ሄሎ፣ አለሽ?› ነው የሚለኝ። አንዲት ደግሞ አለች፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች እንኳ የማላውቃት፤ ጭቃ የጠጣ ምንጣፍ ዘርግታ ውሃ እየለቀቀች ትፈገፍጋለች። ንጹሑ እስኪወጣ ዓይኔን አልነቅልም። የኔ ምንጣፍ ከተራገፈ ወራት አልፎታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

መሕቡባን ታስታውሻታለሽ፣ አጥር የምንጋራትን። ዑመይርን ስወልድ ገንፎ ያጎረሰችኝ፣ ጨው ሲያልቅብኝ በአጥር የምታቀብለኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው፣ አይክፋሽና፣ ለሷ ነው። በርበሬ ስንቀነጥስ አንድ ቀን እሷ ቤት፣ አንድ ቀን እኔ ቤት ነበር። እሱን ተውኩት። ራሴን አሞኛል እላታለሁ፤ እውነትም ስልኩ ላይ ተደፍቼ ስውል ራሴን ያመኛል፣ ስለዚህ ውሸት መሆኑን ለራሴም አላመንኩለትም። ኅዳር ላይ በርበሬውን ግቢ አስጥቼ ገባሁ። ደመናውን ያየችው እሷ ናት። ጠራችኝ፣ ጮኸች፤ አልሰማሁም። ዞራ ገብታ ብቻዋን በጆንያ ስትሰበስብ ዝናቡ ደረሰባት። ግማሹን ካተረፈች በኋላ ነው የወጣሁት፤ ስልኩ በእጄ እንደበራ ነበር። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ጭቃ እግሯን ታጥባ ሄደች። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ምነው አኮረፈች ብዬ ተመልሼ ገባሁ።

ከዚያ እናቷ ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው። እሷ ጋ ነበር የሚኖሩት፤ አሟቸው ሰንብተው አንድ ጠዋት አረፉ። መርዶውን የሰማሁት ከአጥር ማዶ እንዳይመስልሽ። ከሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ደነገጥኩ፣ ወላሂ ልቤ ተነካ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ጻፍኩ፤ የሚያለቅሱትን ፊቶች ደረደርኩበት። እሱ አነሰኝና ሴትየዋ ለኔ ምን እንደነበሩ፣ እጃቸው እንዴት ለጋስ እንደነበር፣ አላህ ጀነተል ፊርደውስን እንዲወፍቃቸው ረዥም ዱዓ ጻፍኩ። ከሥሩ አሚን፣ አሚን ይመጣል፤ ከሪያድ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአዲስ አበባ። አንዱማ ‹እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ይስጠን› ብሎ ጻፈ። እሱን እያነበብኩ አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ፣ እትዬ፣ ቀለለኝ። ለቅሶ ደርሼ የተመለስኩ ያህል ሆዴ ረጋ። በር ሲንኳኳም በርበሬ ገዢ ይሆናል፣ ይመለሳል ብዬ አልተነሳሁም።

ደንቡን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። ከሌላ ሰፈር ቆጮው ተጭኖ እስኪመጣ ድረስ፣ መጀመሪያ ምግብ ይዞ የሚገባው፣ ሐዘንተኛን ግድ ብሎ የሚያጎርሰው አጥር የሚጋራው ነው። አባታችን የሞቱ ቀን እኔን ያጎረሰችኝ መሕቡባ ናት፤ እምቢ ስል አገጬን ይዛ ነው ያጎረሰችኝ።

ከዙህር በኋላ አንድ ሰው የድንኳኑን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ሰው ሞልቶበታል። በጣቴ እያሰፋሁ ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያልኩ ማየት ያዝኩ። ጥጉ ላይ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ይታያል፣ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የድንኳኑ ገመድ የታሰረው በዚያው በር ምሰሶ ላይ ነው። መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ልንገርሽና ታዘቢኝ። ‹ምን ዓይነት ጨካኝ ነው፣ ሰው ደጁ ላይ እያለቀሰ በሩን የሚዘጋ› አልኩ። ከዚያ በሩ ላይ፣ ዑመይር ልጅ ሳለ በነጭ ቀለም የሳለውን ኳስ አየሁ። የኛ በር ነው።

ስልኩን ጥዬ፣ ሻርፔን ደርቤ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። አፈርኩ። በየት በኩል ልግባ፣ ምን ብዬ ልግባ፣ ባዶ እጄን ልግባ ስል ቀኑ መሸ። ማፈሬን ለመርሳት ደግሞ ምን ከፈትኩ መሰለሽ? ምንጣፍ አጣቢዋን።

በማግስቱ ሙስተፋ ደረሰ። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ድንኳኑ ገባ። ባልየው ከመርካቶ መጥቶ ለቅሶ ሲደርስ አጥር የምትጋራው ሚስት ቤቷ ተቀምጣለች። አሚኔስ ሲሉት አሟታል ብሎ ዋሸልኝ። ቤት ሲገባ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ ጭጭ ብሏል። እኔ ከጓዳ ሳሎን እመላለሳለሁ። አዛጋለሁ፣ ራሴን ይወጋኛል። ጫማህን ለምን እዚህ አወለቅህ ብዬ ጮኽኩበት፤ ምን ሆንሽ ሲለኝ ለምን ትጠይቀኛለህ ብዬ ጮኽኩበት፤ ዝም ሲልም በዝምታው ጮኽኩበት። በየመሀሉ አምፖሉን አንጋጥጬ አያለሁ። አየኝ፣ አየኝና ሳቀ። ሐራራሽ ተነሳ አለኝ።

እትዬ፣ በጥርሴ ልነክሰው ነበር። እሱ ጫቱ ሰዓቱን ያለፈበት ቀን እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ዝንብ ያስቀይመዋል። ያንን ነው ሐራራ የሚለው። ከተጋባን ጀምሮ ሱሰኛ እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬ እሱ ለኔ? እሱ ግን ለማሳጣት አልነበረም። ተቀምጦ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ እኔ መካሪሽ ልሆን አልችልም፣ ጥርሴ ገና አረንጓዴ ነው። ግን ሱሰኛ ሱሰኛን ያውቃል። ሐራራ የያዘው ሰው ሁሉ ነገር ያናድደዋል፣ ምን እንዳናደደው ሲጠይቁት ግን መልስ የለውም። እስቲ ምን እንዳናደደሽ ንገሪኝና እኔ ተሳስቻለሁ ልበል አለ። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አንድም ነገር አጣሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሱስ ማለት ለኔ የሚሸት ነገር ነበር። ጫት፣ ሲጋራ፣ አረቄ። የማይሸት፣ ጥርስ የማያበላሽ፣ እህቴ ከሰው አገር ለፍታ የላከችልኝ ነገር ሱስ ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አሁን ሳስበው ግን ምልክቱ ዙሪያዬን ሞልቶ ነበር። የዐስር ሰላት ስሰግድ ስልኩን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ነበር፣ ብልጭ ሲል ሱጁዱን አፋጥነዋለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ዑመይር ፈተና ከብዶኛል ሊለኝ ሲደውል፣ መጋረጃ ሻጩ ላይቭ ስለገባ አይዞህ ልጄ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ ብዬ ዘጋሁበት። የገዛ ልጄ ሆድ ብሶት ደውሎ፣ እኔ ስለ መጋረጃ። ይህን ሁሉ እያደረግሁ ግን ማንም ቢጠይቀኝ ትንሽ ነው የማየው፣ ሰው ሲጠፋ ነው የማየው እል ነበር። ሙስተፋም ትንሽ ነው የምቅመው ነው የሚለው።

መሕቡባ ዘንድ የሄድኩት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ቆጮ ጋግሬ፣ አይብ በጎመን ይዤ ገባሁ። ብቻዋን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ግሩፑ ላይ ስለ እናትሽ ጽፌ ነበር አልኳት። አፌን በቆረጠው። ሰምቻለሁ፣ ወንድሜ አንብቦልኛል፣ ቃሉ ያምራል፣ አላህ ይቀበልሽ አለች። ቀጥላ ግን እኔ ማንበብ እንደማልችል ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን ስጠብቅሽ፣ በርሽን ሳይ ነው የዋልኩት አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። አውፍ ብያለሁ አላለችኝም፤ ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ስታልፍ ትየኝ ብዬ ነው። ሰላም ስላት አልሐምዱሊላህ ብቻ ብላ ትሄዳለች። ትናንት ግን ቆም አለችና ከበርበሬው እፍኝ አንስታ አሸተተች። ዝናብ የነካው ይህ ነው አለችኝ። ነው አልኳት። ሄደች። ይህችን ታህል ነው ያወራነው፤ በሷ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስልኩን ሙስተፋ ይዞት ሄደ። አልሸጥነውም፣ አይክፋሽ። ለኔ ባለ በተን ትንሿን ስልክ ተወልኝ፤ ከሰው ድምፅ በቀር ምንም አይወጣባትም። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ጉያዬ ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ ይውል ነበር። ጣቴ ባዶ መዳፌ ላይ ወደ ላይ ሲያንሸራትት ይዤዋለሁ። አሁን ያ ቀርቷል። ዝምታው ግን ተመልሷል። ሳህኔን አጥቤ ስጨርስ የሚጠራኝ የለም። መጋረጃ ሻጩም አሚኔ የት ገባች አላለም፤ አዲስ አሚኔ አግኝቷል። ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ብርድ ይሰማኝና ፀሐይ ላይ እወጣለሁ፤ ብርዱ ከውጭ አለመሆኑን ፀሐይዋ ላይ ስቀመጥ ነው የማውቀው። ብቸኛ ነኝ እትዬ። ድሮም ብቸኛ ነበርኩ፤ ስልኩ ደብቆልኝ ነው የቆየው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የዘጋሁት አንቺንም ነው። እህቴን ከመጋረጃ ሻጭ ጋር አንድ ላይ ቆልፌ ላክኋት ብዬ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። ግን አንቺን ብዬ እገባለሁ፣ ካንቺ ስወጣ ወደ ቤቴ አልመለስም። እንደ ሙስተፋ አንዲት የጫት እንጨት ብቻ ብዬ ጀምሬ የት እንደምጨርስ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ በዚህችው በትንሿ ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ልስማ፣ ያለሽን ንገሪኝ፣ ያለኝን ልንገርሽ፣ ከዚያ እንዝጋው።

ያንቺንም ነገር እይው፤ ታናሽ ታላቅን አይመክርም ካላልሽኝ። ከኔ ጋር ስታወሪ ሩዙ አርሮ፣ ማዳሟ ስትጮህብሽ ስልኩን ልብስሽ ውስጥ ደብቀሽ የሳቅነውን አስታውሺ። የዓርብ እረፍትሽን የስልጤ ሴቶች ተሰብስበው እየጠሩሽ፣ ዛሬ ከአሚኔ ጋር ላውራ ብለሽ ቀርተሻል፤ አንዴ አይደለም። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እዚያ አገር ብትታመሚ ውሃ የሚያቀብሉሽ እነሱ ናቸው። እኔ ከጣሳ ላይ ሆኜ ምን ላቀብልሽ እችላለሁ? ሂጂላቸው፣ አብረሻቸው ብዪ።

ሌላም አለ፤ እስካሁን የደበቅሁሽ። ከሄድሽ ስድስተኛው አረፋ አልፏል። በየዓመቱ ነይ ስንልሽ ምን ያስቸኩላል፣ በየቀኑ እየተያየን አይደል ትያለሽ። እኔም እውነቷን ነው እላለሁ። እናታችን እንሴኖ ቁጭ ብላ ዓይኗን ሞራ እየጋረዳት ነው። ስልኩን ፊቷ ላይ ስደቅንላት ብርሃኑ ያስለቅሳታል፤ አንቺ ናፍቆት ነው ያስለቀሳት ብለሽ ታለቅሻለሽ። እማ አየሽኝ ስትያት አየሁሽ፣ ወፍረሻል ትልሻለች። ስንዘጋው ምን እንደምትለኝ አንድ ቀንም ነግሬሽ አላውቅም። አላየኋትም፣ እንዳይከፋት ብዬ ነው ትለኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየችሽም እትዬ። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ጨዋታችን እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ።

አትደንግጪ፣ ዛሬ ደህና ናት፤ ቆጮዋን ትበላለች፣ ሰው ትሳደባለች። ግን የመሕቡባም እናት እስኪታመሙ ድረስ ደህና ነበሩ። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ ስሟ ወጥቶ አንቺ እዚያ ጓዳ ቆመሽ ረዥም ዱዓ ብትጽፊላት፣ እኛም ከሥሩ አሚን ብንልሽ፣ እኔን እንደቀለለኝ አንቺን አይቀልሽም። የኔዋ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ያንቺዋ እናትሽ ናት። ለአረፋ ነይ። ጥቂት ወር ነው የቀረው፣ ማዳሟን ዛሬውኑ ጠይቂያት። ሻንጣ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ እጅሽን እያወዛወዝሽ ነይ። እኔም ራሴ ስልኩን ከዘጋሁ ወዲህ ነው የናፈቅሽኝ፤ በየቀኑ እያየሁሽ ናፍቆቱ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ሙስተፋ ሰላም ብሎሻል። እህትሽ እኔን ብቻ ሱሰኛ ማለቷን ታቁም፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሆነናል በያት ብሏል። ዑመይር ፈተናውን አልፏል አልሐምዱሊላህ፤ አክስቴን ሳሚልኝ ብሎኛል፣ በምን እንደምስምሽ እሱ ይወቅ። ለእነዚያ የስልጤ ሴቶች ሁሉ የማታውቁኝ እህቷ ሰላም ትላችኋለች በያቸው። መሕቡባ ሰላም ብላሻለች ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ገና አላስፈቀድኳትም።

እናታችን ዘንድ ባለፈው ሄጄ ለፈቲሀ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ያንቺን ሰላምታ ምን ብዬ ልጻፍ አልኳት። አልሰጥሽም አለችኝ። ምነው እማ ስላት፣ ሰላምታዬ እዚሁ እጄ ላይ አለ፣ መጥታ ትውሰደው አለች።

እህትሽ አሚኔ
ቡታጅራ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.